የምርምር አብያተ መጻሕፍትን አሠራር ማዘመን፦ ለተገልጋዩ ምን ይለወጣል?

የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጅ ተማሪ፣ በ1940ዎቹ የወጣን አዋጅ ከነጋሪት ጋዜጣ የሚፈልግ የሕግ ባለሙያ፣ የአካባቢውን ታሪክ የሚያጠና መምህርና አንድን የቆየ ዘገባ የሚያመሳክር ጋዜጠኛ የሚገናኙበት የጋራ ስፍራ የምርምር ቤተ መጻሕፍት ነው። የእነዚህ ተገልጋዮች ጥያቄ ቢለያይም በመጀመሪያ የሚጠብቁት መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ የሚፈልጉት ጽሑፍ «አለ» ወይም «የለም» መባሉ። ይህ መልስ ትክክል የሚሆነው ማውጫው ትክክል ሲሆን ነው። መጽሐፉ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ በማውጫው ውስጥ ካልተገኘ ለተገልጋዩ እንደሌለ ይቆጠራል።

በአገራችን የሚገኙ አብያተ መጻሕፍት ከካርድ መሳቢያ ወደ ኮምፒዩተር ማውጫ የሚያደርጉት ሽግግር በተለያየ ደረጃ ላይ ይገኛል። በ2012 ዓ.ም የጸደቀው የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂ የመንግሥት አገልግሎቶች በቴክኖሎጂ እንዲደገፉ አቅጣጫ ያስቀመጠ በመሆኑ የቤተ መጻሕፍት አገልግሎትም ከዚሁ ሂደት ተነጥሎ የሚታይ አይደለም። ይሁን እንጂ ሽግግሩ በራሱ የሚፈታቸውና የማይፈታቸው ችግሮች አሉ። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ለተቋማቱ ብቻ ሳይሆን ለአገልግሎት ፈላጊው ዜጋም ይጠቅማል። የዚህ ትንታኔ መነሻም የማዘመን ሥራው ትልቁ ፈተና ያለው በመሣሪያው ላይ ሳይሆን ወደ መሣሪያው በሚገባው መዝገብ ላይ መሆኑ ነው።

አሠራርን በኮምፒዩተር ማካሄድ ሲባል

የምርምር ቤተ መጻሕፍት ሥራ ከማንበቢያ ክፍሉ ጀርባ የሚከናወን ረጅም ሰንሰለት ነው። መጽሐፍ በግዢ፣ በስጦታ ወይም በሕግ በተደነገገ የቅጂ ማስረከብ ግዴታ ይገባል። በገቢ መዝገብ ይሰፍራል፣ በዘርፉ ይመደባል፣ ካታሎግ ይሠራለታል፣ መለያ ቁጥር ተለጥፎበት ወደ መደርደሪያ ይወጣል። ከዚያም ለአንባቢ ይሰጣል፣ ይመለሳል፣ በየጊዜውም ይቆጠራል። በቀደመው አሠራር እያንዳንዱ እርምጃ የራሱ መዝገብና የራሱ ካርድ ነበረው። አንድ መጽሐፍ ቢያንስ በሦስት መሳቢያዎች፣ ማለትም በደራሲው ስም፣ በርእሱና በሚያወሳው ጉዳይ፣ ሦስት ካርዶች ይዘጋጁለት ነበር።

የተቀናጀ የቤተ መጻሕፍት ሥርዓት የሚባለው ሶፍትዌር እነዚህን ሁሉ በአንድ መዝገብ ላይ ያገናኛል። ባለሙያው መጽሐፉን አንድ ጊዜ ሲመዘግብ መረጃው ለግዢ ክፍሉ፣ ለማዋሻ ጠረጴዛው፣ ለቆጠራውና ለሕዝብ ክፍት ለሆነው የመፈለጊያ ገጽ በእኩል ያገለግላል። ተገልጋዩ ከርእሱ አንድ ቃል ብቻ ቢያስታውስ መፈለግ ይችላል። መጽሐፉ በሌላ ሰው እጅ እንደሆነና መቼ እንደሚመለስ ከመንገድ ሳይወጣ ያውቃል። ብዙ ካምፓሶች ባሉት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ መጽሐፉ በየትኛው ካምፓስ እንደሚገኝ በአንድ ጥያቄ ይታያል። ቤተ መጻሕፍቱም በባርኮድ አማካኝነት የቆጠራ ሥራውን ከሳምንታት ወደ ቀናት ሊያሳጥር ይችላል።

በዚህ ረገድ በተገልጋዮች ዘንድ ዘወትር የሚፈጠር አንድ ብዥታ አለ። አሠራርን በኮምፒዩተር ማካሄድና መጻሕፍትን ወደ ዲጂታል ቅጂ መለወጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያው መጽሐፉ የት እንዳለ ይናገራል፤ ሁለተኛው የመጽሐፉን ገጾች በስክሪን ላይ ያቀርባል። ሁለተኛው በቴክኖሎጂ ብቻ የሚወሰንም አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመታት የተጠበቀ በመሆኑ አንድ ቤተ መጻሕፍት በእጁ ያለውን መጽሐፍ ሁሉ አንሥቶ በኢንተርኔት ሊለቅ አይችልም። ስለሆነም «ቤተ መጻሕፍቱ ዘምኗል» ሲባል «መጻሕፍቱን ከቤት ሆኖ ማንበብ ይቻላል» ማለት እንዳልሆነ ከወዲሁ መረዳት ይገባል።

ቴክኖሎጂው የመጣበት መንገድ

የዛሬዎቹ የኮምፒዩተር ካታሎጎች መሠረት የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ነው። ሄንሪየት አቭራም የተባሉ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ባለሙያ የመሩት ቡድን የካታሎግ ካርድን ይዘት ማሽን ሊያነበው በሚችል ቅርጽ ከፋፍሎ አዘጋጀ። «ማርክ» በሚል ስም የሚታወቀው ይህ ቅርጽ ደራሲው፣ ርእሱ፣ የታተመበት ቦታና ዘመን እያንዳንዳቸው በቁጥር በተለየ መስክ እንዲሰፍሩ ያደርጋል። አንድ ቤተ መጻሕፍት የሠራውን መዝገብ ሌላው ወስዶ መጠቀም የቻለውም በዚህ ምክንያት ነው።

በታዳጊ አገሮች በሚገኙ አብያተ መጻሕፍት ዘንድ ሰፊ ሥርጭት ያገኘው ቀዳሚ ሶፍትዌር ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1985 ለግል ኮምፒዩተሮች አዘጋጅቶ ያለ ክፍያ ያሠራጨው «ሲዲኤስ አይሲስ» ነው። በመቀጠል በኒውዚላንድ የሚገኝ ሆሮዌኑዋ የተባለ የወረዳ ቤተ መጻሕፍት ድርጅት፣ ይጠቀምበት የነበረው የቆየ ሥርዓት ወደ 2000 ዓመት የሚደረገውን ሽግግር እንደማይቋቋም በመረዳቱ አዲስ ሶፍትዌር አሠራ። ሥራው እ.ኤ.አ. በጥር 2000 ተጀመረ፤ የምንጭ ኮዱም ለማንኛውም ፈላጊ ክፍት ተደረገ። ሶፍትዌሩ በማኦሪ ቋንቋ ስጦታ የሚል ፍቺ ያለውን «ኮሃ» የሚል ስም ይዞ ዛሬ በመላው ዓለም ያገለግላል። ከኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎችም የሚጠቀሙበት አሉ።

ኮሃን የመሰሉ ክፍት ሶፍትዌሮች የፈቃድ ክፍያ የማይጠይቁ መሆናቸው ውስን በጀት ላላቸው ተቋማት ትልቅ እፎይታ ነው። ይሁንና ወጪው ጨርሶ ይቀራል ማለት አይደለም። ሰርቨር፣ የኤሌክትሪክ መጠባበቂያ፣ ሥርዓቱን የሚከታተል ባለሙያና ቀጣይነት ያለው ሥልጠና ያስፈልጋሉ። ሶፍትዌሩን የተከለው ባለሙያ ሥራ ሲለቅ አገልግሎቱ አብሮ የሚቆም ከሆነ ችግሩ የመሣሪያ ሳይሆን የተቋማዊ ዝግጅት ማነስ ነው።

ፊደሉ፣ ስሙና ዘመን አቆጣጠሩ

እነዚህ ሶፍትዌሮች የተሠሩት በሌላ ፊደል፣ በሌላ የስም ሥርዓትና በሌላ የዘመን አቆጣጠር ለሚጠቀሙ ማኅበረሰቦች ነው። ወደ ኢትዮጵያ ቤተ መጻሕፍት ሲገቡ ሦስት መሠረታዊ ጥያቄዎች ይነሣሉ።

የመጀመሪያው የፊደል ጥያቄ ነው። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ መለያ ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትም ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር የየራሱን መለያ ይጠቀም ስለነበር በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል። በዚያ ዘመን የተዘጋጁ የኮምፒዩተር ዝርዝሮች ወደ አዲሱ ሥርዓት ከመግባታቸው በፊት መለወጥ አለባቸው፤ አለበለዚያ ዓመታት የፈጀ ሥራ እንዳልተሠራ ይሆናል።

ፊደሉ በአግባቡ ቢገባም የአጻጻፍ ልዩነት ይቀራል። በአማርኛ ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በንባብ አንድ ናቸው፤ በብዙዎቹ ላይ ደግሞ ግዕዝና ራብዕ ድምፃቸው አይለይም። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ብንወስድ የመጀመሪያው ፊደል በሁለት፣ የሁለተኛው በስድስት መንገድ ሊጻፍ ስለሚችል ቃሉ በ12 ዓይነት አጻጻፍ ሊገኝ ይችላል። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለው ስም በተመሳሳይ ስሌት 24 ዓይነት አጻጻፍ ይኖረዋል፤ ተጣብቆ ወይም ተለያይቶ መጻፉ ሲታከልበት ቁጥሩ 48 ይደርሳል። ኮምፒዩተሩ ግን እያንዳንዱን እንደተለየ ቃል ይቆጥራል። በሽፋኑ ላይ «ኀይለ» ተብሎ የተጻፈን መጽሐፍ ተገልጋዩ «ሃይለ» ብሎ ቢፈልግ ሥርዓቱ «ምንም ውጤት አልተገኘም» ብሎ ይመልሳል። በካርዱ ዘመን ይህን ክፍተት ይሞላ የነበረው ባለሙያው ነው፤ «በሐመሩ ሐ ተመልከተው» ይል ነበር። በስክሪኑ ፊት ብቻውን የሚቀመጥ ተገልጋይ ግን ይህ እገዛ የለውም።

መፍትሔው በቴክኒክ ረገድ አስቸጋሪ አይደለም። ሥርዓቱ ከጀርባ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት እንደ አንድ ቆጥሮ እንዲፈልግ ማስተካከል ይቻላል። ነገር ግን መዝገቡ ራሱ ሳይነካ በመጽሐፉ ሽፋን ላይ እንዳለ መቀመጥ አለበት። በግዕዝ ቋንቋ «ሰረቀ» የሌባ፣ «ሠረቀ» የፀሐይ መውጣት ነው፤ «ሰአለ» ለመነ፣ «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ ማለት ነው። ለብራና ጽሑፍ ተመራማሪ የፊደሉ ልዩነት የጥናቱ አካል ነው። በትግርኛም ሀ እና ሐ፣ አ እና ዐ በድምፅ የተለያዩ ናቸው። የአፋን ኦሮሞ ጽሑፎች ደግሞ በላቲን ፊደል የሚጻፉ በመሆናቸው የራሳቸውን አያያዝ ይፈልጋሉ። የአንዱ ቋንቋ ደንብ በሌላው ላይ ሳይጫን ፍለጋው ሰፊ፣ መዝገቡ ጥንቁቅ መሆን ይኖርበታል።

ሁለተኛው የስም ጥያቄ ነው። አብዛኞቹ የውጭ ሶፍትዌሮች ሰው የቤተሰብ ስም እንዳለው ቆጥረው የመጨረሻውን ስም ያስቀድማሉ። ኢትዮጵያዊ ስም ግን የራስ ስምና የአባት ስም ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የደረሱት ሀዲስ ዓለማየሁ በአንድ መዝገብ በ«ሀዲስ»፣ በሌላው በ«ዓለማየሁ» ቢገቡ ሥራዎቻቸው በሁለት ደራሲዎች ስም ይበተናሉ። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትን የመሳሰሉ ትላልቅ ተቋማት ኢትዮጵያዊ ደራሲን በራሱ ስም ይመዘግባሉ፤ የማርክ ቅርጽም ስሙ በራስ ስም ወይም በቤተሰብ ስም የሚጀምር መሆኑን የሚያመለክት የራሱ ምልክት አለው። ባለሙያው ይህን ምልክት በትክክል ማስቀመጡ ሰከንዶች የሚወስድ ሥራ ነው። አለማስቀመጡ ግን የአንድን ደራሲ የሕይወት ዘመን ሥራ ሊከፋፍል ይችላል።

ሦስተኛው የዘመን አቆጣጠር ጥያቄ ነው። በኢትዮጵያና በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መካከል የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት አለ። በሽፋኑ ላይ 1966 የሚል ያለበት በራሪ ጽሑፍ የአብዮቱ ዋዜማ ሰነድ ነው፤ ይኸው ቁጥር እንደ ጎርጎርዮሳዊ ዓመት ቢመዘገብ ጽሑፉ ከአብዮቱ በፊት ወደነበሩት ዓመታት ይሸሻል። በዘመን ወስኖ የሚፈልግ ተመራማሪም ሰነዱን ሳያየው ያልፋል። ስለዚህ በሽፋኑ ላይ ያለው ዓመት እንዳለ ተጽፎ፣ አቻው ለፍለጋ በሚያገለግለው መስክ ተሰልቶ መግባት አለበት።

የቆየው ክምችት ዕጣ

ሽግግር በሚያደርጉ አብያተ መጻሕፍት ሁሉ የሚያጋጥመው ትልቁ የሥራ ጫና አዲስ የሚገቡትን መጻሕፍት መመዝገብ ሳይሆን ለአሥርት ዓመታት የተከማቹትን ወደ አዲሱ ሥርዓት ማስገባት ነው። በ1936 ዓ.ም የተመሠረተውና በብዙዎች ዘንድ ወመዘክር በሚል ስም የሚታወቀው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ እንዲሁም በ1955 ዓ.ም የተቋቋመውና በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት የያዙት ሀብት ለምን ያህል ጊዜ ሲሰበሰብ እንደኖረ ማሰብ የሥራውን ስፋት ያሳያል። የብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ክምችት በአዋጅ ቁጥር 179/1991 በተደነገገው የቅጂ ማስረከብ ግዴታ ምክንያት በየዓመቱ የሚያድግም ነው።

ለማሳያ ያህል 100 ሺህ ጥራዞች ያሉት ቤተ መጻሕፍት ይታሰብ። አንድ ባለሙያ መጽሐፉን በእጁ ይዞ በቀን 25 ቢመዘግብ ሥራው 4 ሺህ የሥራ ቀናት ይወስዳል። አምስት ባለሙያዎች ቢመደቡ 800 የሥራ ቀናት፣ በዓመት 250 የሥራ ቀናት ቢቆጠሩ ደግሞ ከሦስት ዓመት በላይ ይፈጃል። ይህም ባለሙያዎቹ ሌላ ሥራ እንደሌላቸው ተቆጥሮ ነው። ኮምፒዩተሮቹ በአንድ የበጀት ዓመት ተገዝተው ሊተከሉ ይችላሉ፤ መዝገቡ ግን በአንድ የበጀት ዓመት አያልቅም። የበርካታ ፕሮጀክቶች ድክመት የሚታየው በዚህ ልዩነት ላይ ነው። የምረቃው ቀን ሲያልፍ የምዝገባው ሥራ በጀትና ባለቤት ያጣል።

ግማሽ ላይ የቆመ ሽግግር ካልተጀመረው ይልቅ ተገልጋዩን ሊጎዳ ይችላል። የካርድ መሳቢያው «አሮጌ» ተብሎ ወደ ምድር ቤት ከወረደና የኮምፒዩተር ማውጫው የክምችቱን ከፊል ብቻ ከያዘ የቀረው ክፍል ከሁለቱም ይወጣል። ተገልጋዩ ፈልጎ ሲያጣ «ያልተመዘገበ ሊሆን ይችላል» ብሎ አያስብም፤ «የለም» ብሎ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት ምዝገባው እስኪጠናቀቅ ካርዶቹን በቦታቸው ማቆየትና በመፈለጊያ ገጹ ላይ «ይህ ማውጫ ከዚህ ዓመት በፊት የገቡትን ገና አያካትትም» የሚል ግልጽ ማስታወቂያ ማኖር አነስተኛ ወጪ የሚጠይቅ፣ ጥቅሙ ግን ከፍ ያለ እርምጃ ነው።

ጫናውን ለማቅለል የሚያስችል ሌላ መንገድም አለ። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ናይሮቢ በሚገኘው ቢሮው አማካኝነት የምሥራቅ አፍሪካን ኅትመቶች ሲሰበስብ ስለቆየ ለብዙ የኢትዮጵያ መጻሕፍት የተዘጋጀ መዝገብ አለው። አብያተ መጻሕፍት መዝገቦችን የሚለዋወጡበት ዜድ 39.50 የተባለው ስምምነት ይህን መዝገብ በደቂቃ ለመቅዳት ያስችላል። ብዙዎቹ መዝገቦች በላቲን ፊደል የተገለበጡ በመሆናቸው በግዕዝ ፊደል የተጻፈውን ርእስና ስም መጨመር ያስፈልጋል፤ ቢሆንም ከባዶ ከመጀመር ይሻላል። የአገር ውስጥ አብያተ መጻሕፍትም አንዱ የሠራውን ሌላው ቢቀበል ያንኑ መጽሐፍ በተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች ደጋግሞ የመመዝገብ ድካም ይቀንሳል። ለዚህ ግን የስምና የአጻጻፍ ደንቡ ለሁሉም አንድ መሆን አለበት።

ሥርዓቱ ሲቋረጥ

የማውጫው ሁሉ በአንድ ሥርዓት መሰብሰብ ቅልጥፍናን እንደሚያስገኝ ሁሉ አደጋንም ይሰበስባል። ለዚህ የቅርብ ጊዜ ምሳሌ የሚሆነው የብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነው። ተቋሙ በ1860 ዓ.ም ከመቅደላ የተወሰዱትን ጨምሮ በመቶዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ብራናዎችን የያዘ ስለሆነ ጉዳዩ የኢትዮጵያ ጥናት ተመራማሪዎችንም በቀጥታ ነክቷል። በጥቅምት 2016 ዓ.ም በተፈጸመበት የሳይበር ጥቃት ማውጫውና በዲጂታል የቀረቡት የብራና ገጾች ከአገልግሎት ውጭ ሆኑ። አጥቂዎቹ የጠየቁት ገንዘብ ባለመከፈሉ 600 ጊጋባይት ገደማ የሚሆን መረጃ በይፋ ለቀቁ። ዋናው ማውጫ ለፍለጋ የተመለሰው በጥር 2016 ዓ.ም ሲሆን ሌሎቹ አገልግሎቶች ከዚያም የዘገየ ጊዜ ወስደዋል።

ቤተ መጻሕፍቱ በኋላ ያወጣው ሪፖርት ለሌሎችም ትምህርት የሚሆን ነጥብ ይዟል። የመረጃው መጠባበቂያ ቅጂ ነበር፤ ሥራውን ያዘገየው ግን ቅጂውን መልሶ የሚያስነሣ ብቁ መሠረተ ልማት በወቅቱ አለመኖሩና የቆዩ ሥርዓቶች መብዛታቸው ነው። ስለሆነም መጠባበቂያ አለን ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ከዚያ ቅጂ አገልግሎቱን መልሶ ማስነሣት እንደሚቻል በየጊዜው መሞከር ያስፈልጋል። የኤሌክትሪክና የኔትወርክ መቆራረጥ በሚያጋጥምባቸው አካባቢዎች ደግሞ ማውጫው በግቢው ውስጥ ካለ ሰርቨርም እንዲሠራ ማድረግና ሌላ ቅጂ በሌላ ከተማ ማስቀመጥ ተገቢ ነው። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በነበረው ግጭት የትምህርት ተቋማት ላይ የደረሰው ጉዳት እንዳሳየው፣ ንብረት ሲጠፋ ምን እንደጠፋ ለማወቅ የሚያስችለው በሌላ ስፍራ የተቀመጠ መዝገብ ነው።

ከዚህ ጋር ተያይዞ የሚነሣው የተገልጋዩ የግል መረጃ ነው። ሥርዓቱ ማን ምን እንደተዋሰ ይመዘግባል። አንድ ሰው ያነበባቸው መጻሕፍት ዝርዝር ስለ ጤናው፣ ስለ እምነቱና ስለ አመለካከቱ ብዙ ይናገራል። በ2016 ዓ.ም የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይህን መሰል መረጃ የሚይዙ አካላት ለምን ዓላማ እንደሚሰበስቡና እንዴት እንደሚጠብቁ ኃላፊነት ይጥልባቸዋል። መጽሐፉ ከተመለሰ በኋላ የውሰቱን ታሪክ ከተዋሹ ስም ጋር አያይዞ ለዓመታት ማቆየት ለአገልግሎቱ የሚሰጠው ጥቅም አነስተኛ ነው፤ ኮሃን የመሳሰሉ ሶፍትዌሮችም ታሪኩን ከስሙ የመለየት አማራጭ አላቸው።

በሕዝብ ሀብት የተሠራ ምርምር

የማዘመን ሥራው ሌላው ገጽታ የአገር ውስጥ ምርምር ውጤቶች ናቸው። በየዩኒቨርሲቲው የሚዘጋጁ የመመረቂያ ጽሑፎች ለረጅም ዘመን በአንድ ወይም በሁለት ቅጂ በመደርደሪያ ላይ ብቻ ይቀመጡ ነበር። በጅማ የተሠራ ጥናት ለጎንደር ተመራማሪ የሚደርሰው ተመራማሪው ከተጓዘ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 በከፍተኛ ትምህርት ደረጃ የጸደቀው የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ በሕዝብ ገንዘብ የተደገፉ የዩኒቨርሲቲ ምርምሮች በብሔራዊው የአካዳሚክ ዲጂታል ማከማቻ እንዲቀመጡ ይጠይቃል።

ፖሊሲው የሚፈለገውን ውጤት የሚያስገኘው ከላይ የተነሡት የመዝገብ ጥያቄዎች በዚህም ሲመለሱ ነው። የተመራማሪው ስም በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ከገባ፣ አማካሪውና የትምህርት ክፍሉ ካልተጠቀሱ፣ የጥናቱ ቁልፍ ቃላት ካልተመረጡ ጽሑፉ በኢንተርኔት ላይ መኖሩ ብቻ አይገኝ ካለበት ሁኔታ አያወጣውም። ስለዚህ ተማሪው ጽሑፉን ሲያስረክብ የሚሞላው ቅጽ የይስሙላ ሥርዓት ሳይሆን ሥራው በሌሎች ዘንድ የሚታወቅበት በር ነው።

ተገልጋዩ ማወቅ የሚገባው

በሽግግር ላይ ባለ ቤተ መጻሕፍት የሚገለገሉ ዜጎች የሚከተሉትን ነጥቦች ቢያስተውሉ ጊዜና ድካማቸውን ይቆጥባሉ።

አንደኛ፣ በኮምፒዩተር ማውጫው የተፈለገው ሲታጣ ፍለጋውን በሌላ አጻጻፍ መድገም ያስፈልጋል፤ ሀን በሐ ወይም በኀ፣ ሰን በሠ፣ ጸን በፀ መለወጥ፤ ስሙን አጣብቆና ለያይቶ መሞከር።

ሁለተኛ፣ ደራሲውን በራሱ ስም ፈልጎ ያጣ ተገልጋይ በአባት ስምም መሞከር ይኖርበታል። የኅትመቱን ዓመት ሲያስገባም በሁለቱም አቆጣጠር ማየት ይጠቅማል።

ሦስተኛ፣ «የለም» የሚለውን የስክሪን መልስ የመጨረሻ አድርጎ አለመቀበል ነው። ማውጫው የትኞቹን ዓመታትና የትኞቹን ክምችቶች እንደሚያካትት፣ ያልተካተቱትም በካርድ ወይም በገቢ መዝገብ መፈለግ ይቻል እንደሆነ ባለሙያውን መጠየቅ የተገልጋዩ መብት ነው።

አራተኛ፣ በመዝገብ ላይ ስሕተት ሲታይ ማሳወቅ ይገባል። በሁለት ቦታ የተከፈለ የደራሲ ስም ወይም በስምንት ዓመት የተዛባ ዘመን በአንድ ተገልጋይ ጥቆማ ቢታረም ከእርሱ በኋላ የሚመጡት ሁሉ ይጠቀሙበታል። ተቋማትም ለዚህ የሚሆን ቀላል የጥቆማ መንገድ ማዘጋጀት ይጠበቅባቸዋል።

አምስተኛ፣ ለአባልነት የሚሰጠው የግል መረጃ ለምን እንደሚውልና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ መጠየቅ ይቻላል።

በአጠቃላይ የምርምር አብያተ መጻሕፍትን አሠራር ማዘመን አንድ ጊዜ ተመርቆ የሚያበቃ ፕሮጀክት አይደለም። ለማሽኑ የሚመደበው በጀት ያህል ለመዝጋቢው ባለሙያ፣ ለሥልጠናውና ለመዝገቡ ጥራት ካልተመደበ ዘመናዊው ማውጫ የቆየውን ስሕተት በፍጥነት ከማሠራጨት ያለፈ ለውጥ አያመጣም። የዓመታት ልምድ ያላቸው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት በቃል የያዙትን የክምችት ዕውቀት በመዝገብ ማስፈር በዚህ ረገድ ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባ ተግባር ነው፤ መጻሕፍቱ በመደርደሪያ ላይ ቢቆዩም የት እንዳሉ የሚያውቀው ሰው ሁልጊዜ አይገኝምና።